በውሃው ማማ ላይ ስንት ወፍ አለ?

የእንስሳት መኖ የሚሸጥበት መደብር ሁሉ ከባንኮኒው አጠገብ አንድ ወንበር አለው። ወንበሩ ላይ ደግሞ ማንም ያልቀጠረው፣ ማንም ያልሾመው፣ ግን እሱን ሳያማክሩ ምስማር እንኳ የማይገዛበት አንድ ሰው አይጠፋም። በቴክሳስ ኮረብቶች መሃል ባለችው ከተማችን ይህን መንበር የያዙት ክቡር ኤልሮይ ሁበር ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የመደብሩ ባለቤት ማርቪን ቃል ቆጣቢ ስለሆነ የሁለቱንም ድርሻ እሳቸው ያወራሉ።

ክቡርነታቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ የፍየል ትል፣ የአጥር ሽቦ፣ የጉድጓድ ፓምፕ ሁሉ የእጃቸው ነው። ሊቀ ሊቃውንት የሚያሰኛቸው ግን ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። አንድ ሰው ገብቶ መነጽር ፈልጌ ነበር ያለ እንደሆነ፣ ኤልሮይ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ራሳቸው ላይ ይደፋሉ። ያን ጊዜ ያ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል።

ዋኔታ ፕሩትም ይህን ታውቅ ነበር። በየካቲት ወር አንድ ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ተማሪ ከምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ አውርዳ በቀጥታ ወደ መደብሩ ስትሄድ፣ ወንበሩ ባዶ ይሆን ዘንድ በልቧ ጸልያለች። ጸሎቷ አልተሰማም።

ጉዳይዋ የሚያስቸኩል ነበር። አሥራ አራት ፍየሎቿ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወልዳሉ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ኮዮቲ የሚሉት የሜዳ ተኩላ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ነበር። ዋኔታ በራሱ ጥይት የሚያጎርሰውን ቀላል ጠመንጃዋን አንስታ አነጣጠረች፤ ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ከሞላት ወዲህ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ማነጣጠሪያ ጭጋግ ሆኖባታል። ሳተችው። ተኩላው ግልገሏን በአፉ ይዞ፣ ዞር ብሎ አይቷት፣ እንደ ጨዋ ሰው በእርጋታ ሄደ። ያ አስተያየቱ ዓመቱን ሙሉ ከዓይኗ አልጠፋም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽር ልትገዛ ሁለት መቶ ዶላር ቋጥራለች፤ ከዚያ በላይ የላትም።

ማርቪን ሁለት መነጽር አወጣላት። አንዱ ወፍራምና ረጅም፣ ሃያ አራት ጊዜ የሚያጎላ ነው። ሌላው አጭርና ተራ፣ ከአንድ እስከ አራት ጊዜ ብቻ የሚያጎላ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ዋኔታ እንደማንኛውም ሰው እጇን ወደ ትልቁ ሰደደች።

ባርኔጣው ተደፋ።

«ጨረቃን ልትመቺ ነው?» አሏት ኤልሮይ።

ይህን ጥያቄ በከተማዋ ያልተጠየቀ የለም። ጥርስ ሐኪሙ ተጠይቆ፣ ንቆ፣ ከሁሉም የሚያጎላውን ገዝቶ ሄዷል። በኋላ አንድ የዱር አሳማ አርባ እርምጃ ላይ ሲቆምለት፣ በመነጽሩ ውስጥ ከፀጉር በቀር ምንም ማየት አልቻለም። ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ሲፈልግ አሳማው ለማጥመጃ የተበተነለትን በቆሎ ጨርሶ ሄደ።

«ከበረንዳሽ እስከ አጥሩ ስንት እርምጃ ነው?» ሲሉ ቀጠሉ።

«ዘጠና ቢሆን ነው፣ ጋሽ ኤልሮይ።»

«ታዲያ የተኩላሽን ቁንጫ ልትቆጥሪለት ነው?»

ማርቪን ሳቁን ዋጠ። ኤልሮይ ግን ወደ ዲያቆን ቲልማን ታሪክ ተሻግረዋል። ዲያቆኑ መነጽሩን ሲያስር የማሰሪያውን አንድ እግር በጠመንጃው አካል ላይ፣ ሌላውን እጅ በሚይዝበት የፊት ሽፋን ላይ አደረገው። ሽፋኑ አጥር ላይ ሲደገፍ በትንሹ ይነቃነቃልና ጥይቱ በየቀኑ ሌላ ቦታ ሄደ። ዲያቆኑ ሦስት ሳምንት ነፋሱን ወቀሰ፤ ቀጥሎም ጾም ያዘ። ኤልሮይ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን በማሰሪያው ላይ አንሸራተቱና «ዲያቆን፣ ጸሎቱስ ደርሷል፤ ብሎኑ ነው ቦታ የሳተው» አሉት። ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለማስመሰል ነው የሚል ሐሜት አለ።

ዋኔታ ሰዓቷን አየች። ፍየሎቹ ገና ውሃ አልጠጡም። ትንሹን ወስጄ ልሂድ ብትል፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መነጽር አይገዛም ተባለች።

«ሱቅ ውስጥ ሁሉም መነጽር ጀግና ነው፤ መብራት አለዋ» አሉ። «ተኩላሽ ሱቅ ውስጥ አይመጣም።»

ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ስለ ፍየል ትል ተማረች። ሰማዩ ሲደበዝዝ ሦስቱም በር ላይ ወጡ። ኤልሮይ ትልቁን መነጽር በእጇ አስያዟትና በከተማው የውሃ ማማ ላይ ስንት ጥንብ አንሳ እንደሰፈረ ጠየቋት። አየች። የተጨማለቀ ግራጫ ብቻ ነው። ትንሹን አነሳች፤ ማማው ገና ቀን እንደሆነ ሁሉ ፍንትው ብሎ መጣ።

«ስምንት» አለች። በዚያው ቅጽበት ሁለት መቶ ዶላሯን ለትንሹ ለማዋል ቆረጠች። ጥያቄው ግን አላለቀም።

«ክንፏን የዘረጋች አለች?»

«አንዷ ዘርግታለች።»

«ሰማዩስ ከኋላቸው ምን መስሏል?»

ዋኔታ ይህ ከተኩላ ጋር ምን አገናኘው ልትል ነበር። መነጽሩን አወረደች፤ ዞር ብላም አየቻቸው። ክቡር ኤልሮይ ሁበር አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እንደ ሕፃን ጓጉተው እያዩ ነበር። ያዩት የነበረው ግን ማማውን ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ የቆመውን የስልክ ምሰሶ ነው።

ማርቪንን አየችው። ማርቪን «አዎ፣ አያዩም» እንደማለት ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና መሬት መሬት አየ።

«ዘጠነኛዋስ?» አሉ ኤልሮይ። «ጅራቷ የተጎመደ አንዲት ነበረች። ጥርስ ሐኪሙ ነው የነገረኝ። ሰሞኑን ማንም አላየልኝም።»

ዋኔታ መነጽሩን መልሳ አነሳች። ፍየሎቹ ትንሽ ይታገሱ። ከማማው መሰላል ሥር አንስታ ዙሪያውን በእርጋታ ፈለገች።

«አለች፣ ጋሽ ኤልሮይ። ከመሰላሉ በስተቀኝ፣ ለብቻዋ። ሰማዩ ደግሞ የበሰለ ኮክ መስሏል፤ ታች ታቹ ቀላ ብሎ።»

«አላልኩም?» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

በማግስቱ ጠመንጃዋን ስታመጣ መነጽሩን ማርቪን አሰረው። ኤልሮይም ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን አንሸራተቱ፤ ሁለቱም እግሮች በጠመንጃው አካል ላይ መሆናቸውን አረጋግጠው ባረኩት።

በመጋቢት ሃያ ሦስት ግልገሎች ተወለዱ። አንድ ማለዳ ተኩላው መጣ፤ ዋኔታም ከበረንዳዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰች፤ አልሳተችውም። ተመስገን ብላ ግልገሎቿን ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ለኤልሮይ ልትነግራቸው ሄደች። ኤልሮይ ስለ ተኩሱ አልጠየቁም። የተኩላው ፀጉር ምን ዓይነት እንደነበር ነው የጠየቁት። ጆሮው ሥር ቀላ ያለ፣ ጀርባው አመድማ፣ እስትንፋሱ በብርዱ የሚታይ እንደነበር ነገረቻቸው፤ ማርቪን መደብሩን እስኪዘጋ ድረስ ነገረቻቸው።

አሁን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ዋኔታን ይጠይቃል። መልሷ አንድ ነው። «ማርቪን ጋ ሂዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። ጋሽ ኤልሮይ ያደርቋችኋል፣ ቻሉት። ስንት ወፍ አለ ሲሏችሁ ግን ተጣድፋችሁ እንዳትመልሱ፤ አንድ በአንድ ንገሯቸው። ጅራቷ የተጎመደውን ደግሞ እንዳትዘሏት።»