የደረጀ ኒኮቲን ለምን ጠቆረ

ሰው አብሮት የሚኖረውን ሰው የሚያውቀው በመልኩ ይመስለዋል። እኔ በጠረኑ ነው እላለሁ። መልክማ ዛሬ በስልክ ይመጣል፤ እየሳቀ፣ እየጎረሰ፣ አንዳንዴም ጥርሱን እየፋቀ ይመጣል። ጠረንን ግን ማን በምን ይልከዋል?

የኔ ባል ጠረን ቫኒላ ነው። ደረጀ ስንጋባ የሲጋራ ሰው ነበር። ሲጋራን ለመተው ብሎ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ጀመረ፤ ሲጋራው ሄደ፣ ቬፑ ቀረ። መኝታ ቤት ቫኒላ፣ መኪና ውስጥ ቫኒላ፣ ቸርች ለብሼው በምሄደው ሹራብ ላይ ሳይቀር ቫኒላ። “ወይ ኬክ ጋግር፣ ወይ ይሄን ነገር ተው” እለዋለሁ። እሱ ወደ መስኮቱ ቡልቅ እያደረገ፣ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት መሆኑን ያስረዳኛል። እንፋሎትማ ሽሮም አለው፤ የሽሮ እንፋሎት ሲያቦን የሚውል ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ይሄ ሰው የአየር ማረፊያ ታክሲውን ትቶ ትራክ መንዳት ጀመረ። አንዴ ከምንኖርባት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከወጣ ነብራስካ ነው፣ ኦሃዮ ነው፣ ሳምንታት ይቆያል። ልጆቻችን ኮሌጅ ስለሆኑ ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ሲሄድ መጋረጃውን አውርጄ አጠብኩ፤ ጃኬቶቹን አጠብኩ፤ እፎይ፣ ንጹሕ አየር አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ጃኬቶቹን ማሽተት ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው? የሳሙና ሽታ ብቻ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው፣ ሚስቱ ራቅ ያለ መንገድ የሄደችበት መሆን አለበት።

ደረጀ የቬፑን ፈሳሽ ራሱ ነው የሚቀምመው። የተዘጋጀ መግዛት ለእሱ ውርደት ነው። ጓንቱን አጥልቆ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በረንዳ ላይ በሲሪንጅ ሲለካ ላየው የመድኃኒት ፋብሪካ ይመስላል። ዋናው ኒኮቲን በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ ውሃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ነው። እሱን በሣጥን ከቶ ፍሪዘር ውስጥ ከቅቤው ጀርባ ያስቀምጠዋል። መርዝ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው የሣጥኑ ክዳን ላይ የራስ ቅልና ሁለት የተጠላለፉ አጥንቶች ስሎበታል። የስዕል ነገር ግን አልተሰጠውም፤ ራስ ቅሉ ክብ ሆኖ፣ አጥንቶቹ ደግሞ ቁርጥ መስቀል ሆነው ወጡ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ወርቄ ቅቤ ሊበደሩኝ መጡ። እጄ ሊጥ ውስጥ ስለነበር ከፍሪዘር ራስዎ ያውጡ አልኳቸው። ቢቆዩብኝ ዞር ብዬ አየሁ። ሣጥኑን ከፍተው፣ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል።

“የየትኛው ገዳም ነው?” አሉኝ በለሆሳስ።

“ምኑ?”

“ጠበሉ ነዋ። እናንተ ጴንጤዎች በይፋ አትጠጡም እንጂ በድብቅ እንደምታስቀምጡ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። በይ፣ ለጉልበቴ ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ።”

ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ ማድረግ ጀምረው ነበር። ደረጀ ይሄ ነገር ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ሰው እንደሚጥል ደጋግሞ ነግሮኛል። በሊጥ እጄ ዘልዬ ጠርሙሱን ነጠቅኳቸው። የሲጋራ መርዝ መሆኑን ብነግራቸውም ለጊዜው አላመኑኝም፤ ቅቤውን ይዘው፣ ጠበል የነፈጓት ሴት ፊት ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያን ነገር ከምግብ ጋር ማሳደር አቃተኝ። ሣጥኑን ጣልኩትና ጠርሙሱን መታጠቢያ ቤት፣ እትዬ ወርቄ በወንበር ቢወጡም የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩት። ልክ ያደረግኩ መሰለኝ። የኮሎራዶ ፀሐይ በክረምትም ቢሆን ቀልድ እንደማታውቅ፣ እኔም ሻወር ስወስድ ቤቱን የአዋሽ ቆላ እንደማስመስለው ትዝ አላለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩበት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ ከምሠራበት ከእንግልውድ እስከ ቤቴ ድረስ ስለ ደረጀ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ጠርሙሱን አየሁት። ለምን አልከፍተውም? ሁለት ጓንት ደርቤ፣ ክንዴን ዘርግቼ ከፈትኩት፤ ባሌን ላሽትት ብዬ ልሞት ነው እንዴ። ቫኒላ የለም። የሚሸተው ነገር በርበሬ የነሰነሱበት አሮጌ ዓሣ ይመስላል። ለካ ቫኒላው ሌላ ጠርሙስ ኖሯል፤ እሱን ይዞት ሄዷል። እኔ ዘንድ የቀረው መርዙ ነው። በብስጭት ከደንኩት፤ በብስጭት የከደኑት ነገር ደግሞ በደንብ አይገጥምም። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ብለው ያስጠነቀቁን አባቶች ስለ ላላ ክዳን ያሉት ነገር የለም።

ደረጀ እሁድ እገባለሁ ብሎ ሲደውል፣ ጠርሙሱን ወደ ቦታው ልመልስ ሄድኩ። ውሃ የነበረው ነገር ሻይ ሆኗል። ያውም የቆየ ሻይ።

ጉድ ፈላ። ይሄ ሰው ለሳምንታት በመኪና ወንበር ላይ ተኝቶ የሚመጣው ቤቴ ብሎ ነው፤ ቤቱ ደግሞ የራሱን ነገር ጠብቆ አልቆየውም። ሃቫና የሚባል መንገድ ላይ ወዳለ አንድ የቬፕ ሱቅ ነዳሁ። የቸርች ሰው እንዳያየኝ ከኋላ ፓርክ አድርጌ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ ገባሁ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ባለ ንቅሳት ፈረንጅ ሃያ አንድ ዓመት መሙላቴን ሊያይ መታወቂያ ጠየቀኝ። እኔ የአያትነት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ምናልባት በዚህ አገር ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ታሪኩን ነገርኩት። የት ነው ያስቀመጥሽው አለኝ። መታጠቢያ ቤት፣ መስኮት ሥር ስለው ዓይኑን ጨፈነ፤ መርዶ እንደሚያረዱት ሰው። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳኝ። ኒኮቲን አየር አይወድም፣ ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት አይወድም። አየር ሲነካው መጀመሪያ ቢጫ ይላል፤ ትንሽ ቢጫ ቢል ችግር የለውም። እየጠቆረ ሲሄድ ግን ጣዕሙ ይጎመዝዛል፣ ጉሮሮ ይፍቃል። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ብርድ ውስጥ ከሆነ ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል። ባልሽ ሣጥን ውስጥ የከተተው አውቆ ነው አለኝ። ያንቺን ግን በጓንት ይዘሽ የከተማው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ውሰጂው፤ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊው።

“የሚጠቀመው ጣዕም ምንድን ነው?” ሲል ጠየቀኝ።

ቫኒላ አልኩት። ቫኒላ ደግሞ ያለ ማንም ጥፋት ራሱ ድብልቁን ያጠቁረዋል ብሎ፣ ኒኮቲን የሌለበት ትንሽ ብልቃጥ ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ።

ደረጀ ሱቁ ውስጥ ገባ። የመኪናችን ወንበር፣ የሹራቤ አንገት፣ ጠዋት ጠዋት ስልኩን ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምስ፣ ሁሉም ገባ። ዓይኔ በእንባ ሞላ። ሰውዬው የወረቀት ፎጣ ገፋ አደረገልኝ። ብልቃጡን ገዝቼ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ የደረጀ ትራስ ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩበት።

እሁድ ደረጀ ገባ። አንገቱ ሥር ገብቼ አሸተትኩት። ናፍጣ፣ ሳሙና፣ ሌላ ምንም። ደግሜ አሸተትኩ።

“ተውኩት እኮ” አለኝ ፊቱ እየበራ። “ካንሳስ ላይ ቬፑ ወድቆ ተሰበረብኝ። ሌላ ልገዛ ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ራስሽ አሽትተሽ እንድትደርሺበት ብዬ ነው።”

ለዓመታት የለመንኩት ነገር ተፈጽሞ ፊቴ ቆሟል። ምን ይባላል? ትንሽ ሳብ ሳብ አድርገህ ተመለስ ይባላል? ደስ ብሎኛል አልኩት። እውነቴንም ነው፤ ሳንባው ሳንባዬ ነው። ስለ ጠርሙሱ ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ በተለይ የእትዬ ወርቄ ጉልበት ላይ ስደርስ። ከዚያ ጋደም ሊል ገባና ብዙም ሳይቆይ ትራሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወጣ።

“ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው? ከተውኩ ወዲህ ቫኒላ ሲሸተኝ ራሴን ያመኛል። ልታጥቢልኝ ትችያለሽ?”

አጠብኩት። ምን አደርጋለሁ?

በሳምንቱ ጠርሙሱን ይዘን አብረን ወደ ቆሻሻ መቀበያው ሄድን፤ እንደ ሽርሽር ነበር። እሱ ይነዳል፣ እኔ መርዙን በባልዲ ጭኔ ላይ ይዣለሁ፣ የድሮ ነገር እያነሳን እንስቃለን። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቬፑን ከተወ ወዲህ አፉ ሥራ ስለፈታ የሱፍ አበባ ፍሬ ይቆረጥማል። ቅርፊቱን መኪናው ወለል ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ ሳይቀር ይተፋዋል። “ዶሮ ነው ያገባሁት?” አልኩት። ቢያንስ እንፋሎት መጥረጊያ አይፈልግም ነበር።

ሰኞ ወደ ኦሃዮ ሄደ። እኔም ቫኪዩሙን አውጥቼ ሳሎኑን አጸዳሁ፤ ሶፋው ጋ ስደርስ እሱ በሚቀመጥበት ጥግ፣ ትራሶቹ መሐል፣ የቅርፊት ክምር አገኘሁ። ቫኪዩሙን አጠፋሁት። እዚያ ጥግ ላይ እስኪመጣ ማንም አይቀመጥም፤ እንግዳ ከመጣም ሌላ ሶፋ አለን።