የመዳብ ቀጥቃጩ ጆሮ

ጠያቂ የሌለው ገበያ የለም። ሌላው ሰው ሊገዛ ይወጣል፤ እሱ ሊጠይቅ። ለደሴው ሰኞ ገበያ የደረሰችን ጣይባ ናት፤ እኛ ባለሱቆች «የጠያቂዎች አለቃ» ብለን ሾመናታል።

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና አስቁማ «ይሄ ሁሉ ክብደት ቁልቁለቱን ለምን ተንከባሎ አይወርድም?» አለችው ሹፌሩን። ቋንቋዋ ያልገባው ጣሊያን ሲጋራ ሰጣት። ሲጋራው ከምን እንደሚሠራ ጠየቀችው።

እኔ ጨው ነጋዴው ስትመጣ ካየሁ ከጆንያው ጀርባ እደበቃለሁ። «ወላሂ አንዲት ነገር ብቻ!» ትላለች። አንዲቷ ነገር ወዲያው ትወልዳለች።

ያልሸሿት መዳብ ቀጥቃጩ ጋሽ ሸረፈዲን ብቻ ነበሩ። ልጆቻቸው ኮምቦልቻ ለጣሊያን መኪና ሊነዱ ሄደዋል፤ ደንበኛውም ወደ ርካሹ የጣሊያን ዕቃ ዞሯል። ጣይባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ «ብረት ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል፤ መዳብ ለምን ይለሰልሳል?» ትላለች። ጋሼ መልስ አይሰጡም፤ ዓይኗን ተከትለው መዳቡን ያቀብሏታል፣ አጥፋ ትዘረጋዋለች። ትዕግሥታቸው ይገርመን ነበር።

አንድ ቀን የደብሩ አለቃ ቀለሙ ካህናቱ እጃቸውን የሚታጠቡበትን አሮጌ የመዳብ ኩስኩስት አመጡ። ጋሼ ጠገኑት፣ በጣታቸው መቱትና «ደህና ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ለምን ታፈነ?» አለች ጣይባ።

ዝም። ጮኻ ደገመችው። አሁንም ዝም። ተነሥታ ውሃ ሞላችበት፤ ከሥሩ ይንጠባጠብ ጀመር። ጋሼ ውሃውን አዩ፣ የእሷን ከንፈር አዩ፣ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ያኔ ገባን፤ ትዕግሥት አልነበረም። መዶሻው ጆሯቸውን በልቶታል።

«መዳብ የሚሠራው በጆሮ ነው» አሉ። «ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል።»

ጣይባ ጆሯቸው ላይ ተደፍታ «ለምን ይዘጋል? የእኔ ጆሮ ምን ሆነና!» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ ከደጃፍ ወደ ውስጥ ገባች። እሳቸው ይመታሉ፣ እሷ ታዳምጣለች፤ ጥርት ካለ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከታፈነ እጇን ታነሣለች። አለቃ ቀለሙ ኩስኩስቱን ወሰዱ፤ ከመስጊድም የዉዱእ ማንቆርቆሪያ መጣ። ቆይቶ መዶሻውንም ያዘች። «ሴት መዳብ ትቀጠቅጣለች?» ሲሏት «ለምን አትቀጠቅጥም?» ብላ ጠየቀች።

ባለፈው ሰኞ ድስቴን ይዤ ሄድኩና ሳላስበው «ጣይባ፣ መዳብ ሲያረጅ አረንጓዴ የሚያወጣው ለምንድን ነው?» አልኳት።

መዶሻዋ አየር ላይ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ወላሂ አላውቀውም!» አለች ፊቷ በርቶ። «ና፣ አንተ በጋሼ ግራ ጆሮ፣ እኔ በቀኝ!»

ጨዌን ማን እንደሚጠብቀው እንኳ ሳላስብ ተጠግቼ ጮኽኩ።