ጓድ ሣህሉና የዝኩኒው አበባ

ውሃ የሌለው ሰፈር አለ፤ መብራት የሌለውም ሞልቷል። ጠርጣሪ የሌለው ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። በደርግ ዘመን አሰብ ውስጥ፣ የወደብ ሠራተኞችና መምህራን በሚኖሩበት ሰፈር፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት የመጋዘን ጠባቂው ጓድ ሣህሉ ነበሩ።

ዓሣ ሻጩ ዋጋ ከቀነሰላቸው «ዓሣው ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ፤ ከጨመረባቸው ደግሞ «ምን ሰምቶ ነው?» ታክሲ ሳይጠሩት ከቆመላቸው በዚያ ቃጠሎ በእግራቸው መሄድ ይመርጣሉ። የከባድ መኪና ሾፌር አዲስ አበባ ዝናብ እየጣለ ነው ቢላቸው፣ ከኋላው የሚመጣውን ሾፌር ሳይጠይቁ አያምኑም። ባለቤታቸው ወሰኔ ሻያቸው ላይ ስኳር ከጨመረች፣ ምን ልትጠይቃቸው እንደሆነ እስኪያውቁ ሻዩ ይቀዘቅዛል። «ያለ ነገር ዝንብ አታርፍም» ነው መመሪያቸው።

ከሰፈሩ ጀርባ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ጎረቤቶች በጋራ የሚያለሙት የዝኩኒ መደብ ነበር። ከደጋ በመኪና የሚጫነው አትክልት በረሃውን አቋርጦ እስኪደርስ ስለሚበሰብስ፣ የልጆቹ ወጥ የተንጠለጠለው በዚህች መደብ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ግን አበባው ላይ ሻጋታ ወጣና ፍሬው ገና አውራ ጣት ሳያክል እየበሰበሰ ረገፈ። አንድ ሾፌር ያመጣውን መርዝ ረጩበት። ሻጋታው ጥቂት ጋብ ብሎ ተመልሶ መጣ፤ ንቦቹ ግን አልተመለሱም። ጓድ ሣህሉ በመርዙ ላይ ቅሬታ አልነበራቸውም። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ስለተሳለ፣ በዕድሜያቸው ካዩት ሁሉ ማንነቱን ያልደበቀ እሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ሙቀቱ በረድ ሲል ዝኩኒው እንደገና ተተከለ። አበባው መፈንዳት ሲጀምር የባዮሎጂ መምህርቷ ዓባይነሽ መርዙ ይቅር አለች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ብቻዋን አንድ ቤት ይዛ የምትኖር ዝምተኛ ሴት ናት። ጎሕ ሲቀድ መደቡ ውስጥ ትገባለች። ደህና ደህናውን አበባ መርጣ ውስጡን በጥጥ ትዳብስና ጥጡን መረቅ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከተዋለች። መረቁ ሲደፈርስ ደስ ይላታል። ከዚያም የደፈረሰውን በላባ እየነካች አዲስ የተከፈቱትን አበቦች ትቀባለች።

ለጓድ ሣህሉ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። የደፈረሰ ነገር አይቶ የሚደሰት ሰው እንዴት ይታመናል? አንድ ማለዳ ከጉድጓዱ ጀርባ ብቅ ብለው ምን እንደምትቀባ ጠየቋት።

«ጀርም ነው፣ ጋሽ ሣህሉ» አለች፣ ሳትደብቅ።

ጀርም ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። በጤነኛ አበባ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎች አሉ፤ ቦታውንና ወለላውን ቀድመው ከያዙ ሻጋታው ሲመጣ ማረፊያ ያጣል። መርዙ ግን ደጉንም ክፉውንም ስለሚፈጅ፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ ለሻጋታው ያስረክባል። ጓድ ሣህሉ ከዚህ ሁሉ የሰሙት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር። በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዱ።

በዚያን ጊዜ ቀበሌ ሄዶ የሰው ስም መጥራት እንደ ዋዛ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ስማቸው ተጠርቶ ያልተመለሱ ነበሩ። ጓድ ሣህሉ ግን የፈለጉት ሊቀመንበሩ አንድ ጊዜ ጠርቶ እንዲጠይቃት ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ክንፈ፣ ሰው ሲያናግረው ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነበር። ያን ዕለት ወንበር ሳበላቸው፤ ለስላሳም አስከፈተላቸው። ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑን፣ የእሳቸው ምስክርነት ብቻ እንደሚበቃና የቀበሌው ጥበቃዎች ወዲያውኑ እንደሚይዟት ነገራቸው። ከዚያ እንደ ዘበት፣ የምትኖርበት ቤት ወጥ ቤቱ ለብቻው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ጓድ ሣህሉ ለስላሳውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት። የክንፈ አማች ከደሴ መጥቶ ቤት እያፈላለገ መሆኑን ወሰኔ ነግራቸው ነበር። አሁን ቢያፈገፍጉ ራሳቸው ተጠርጣሪ ሊሆኑ ነው።

«እና ምን ስትቀባ አየሃት?» አለ ክንፈ።

«ቀቢ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ ጓድ ሣህሉ። «የመጣሁትም ይህንኑ ለማሳወቅ ነው። ዝኩኒው ቢበላሽ እኔ ልጠየቅ።»

ክንፈ አተኩሮ አያቸው። ጥላውን የማያምነው ሣህሉ መሰከረላት ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠረጥራታል? ቢያስራት ሰፈሩ ይስቅበታል። በእጁ ሂድ አላቸው።

ጓድ ሣህሉ በቀጥታ ቤታቸው ገቡ። ሁሉንም ለወሰኔ አወሩ፤ ወሰኔ ደግሞ ሊጠቁሙባት መሄዳቸውንም መልሰው ዋስ መሆናቸውንም ሳትደብቅ ለዓባይነሽ ነገረቻት። ዓባይነሽ ሰንብታ በራቸው ላይ ቆመች። ወቀሳ ጠብቀው ነበር።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ሻጋታው በአንድ አበባ ከገባ ሁሉንም ይወርሳል» አለች። «ቀድሞ የሚደርስበት ዓይን ያስፈልገኛል። በዚህ ሰፈር ማንንም የማያምን ከእርስዎ ሌላ አላውቅም።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ሲያብሰለስሉ አደሩ። በየማለዳው ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት እያጎነበሱ፣ የወደብ መግቢያ ፈቃድ እንደሚመረምሩ ሁሉ እያንዳንዱን አበባ እያገላበጡ ማየት ያዙ። ዝኩኒው ሁሉ አልተረፈም፤ የተረፈው ግን ለሰፈሩ ልጆች ወጥ በቃ።

አንድ ቀን ለማንም ሰው ደህና የምትመስል አበባ ቀጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ዓባይነሽ ደጃፍ ቆሙ።

«ይቺ አላማረችኝም።»

ዓባይነሽ ወደ ፀሐዩ አዙራ አየቻት። በአበባዋ እጥፋት ውስጥ የሻጋታው ጸጉር ገና ብቅ እያለ ነበር።

«ልክ ነዎት» አለች።

ጓድ ሣህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠረጥሩ ይህን ያላቸው ሰው አልነበረም። አበባዋን ተቀብለው ከመደቡ ርቀው ቀበሯት። ሲመለሱ የማያውቁት መንገደኛ ሰላም አላቸው። ወሰኔ እስከ ዛሬ እንደምትምለው፣ ምን ፈልጎ እንደሆነ ሳይጠይቁ ሰላምታውን መለሱለት።