ሎሚ ሁለቴ አትሰፋም

ሐበሻ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምላሱን መኪና ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚገባው! አትቆጡኝ፣ እውነቴን ነው። ሽንኩርት ሲገዛ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ ነጭ ጋወን ካየ አንገቱን ሰብሮ «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብቻ ይሆናል ቋንቋው። ግራ እግሩን አሞት ቀኙን ቢያሹለት እንኳ «እሱም ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል» ይላል እንጂ ሐኪም አያሳፍርም። አንቺ እዚያ ጋ የምትስቂው… ባለፈው የጥርስ ሐኪሙ ጤነኛ ጥርስሽን ሲነካካ ምን አልሽው? አፍሽ ተከፍቶ ስለነበር ነው ዝም ያልሽው? እሺ፣ ይሁንልሽ!

የእኔ ዝምታ በራሴ ላይ ቢሆን ምን ነበረበት። የመጣው ግን በሰው… ይቅርታ፣ በውሻ ሆድ ላይ ነው።

ሎሚ የምትባል ውሻ አለችን። «አለችን» የምትለዋ ቃል አሁንም አፌ ላይ ትከብደኛለች። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የውሻ ስም «ሂድ ወዲያ!» ነበር፤ አድራሻው ደግሞ የአጥር ጥግ። እዚህ አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ ግን ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ሌላ ስቴት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሲሄዱ፣ ልጄ ሶስና ማንንም ሳታማክር የውሻዋን ገመድ ተቀብላ መጣች። ሶስና እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት። በአማርኛ ትወደኛለች፣ በእንግሊዝኛ ትከራከረኛለች።

«ማሚ፣ ጀስት ሉክ አት ሀር ፌስ!» አለችኝ።

አየሁ። ማየት አልነበረብኝም። ይሄው ሎሚ ዛሬ የገዛ ሶፋዬ ላይ እኔን ገፍታ ትተኛለች።

አሮጊቷ ሲሰጡን «ሁሉም ነገር ተደርጎላታል» ብለው ነበር። ክትባቱም፣ እንዳትወልድ የሚደረገውም፣ ሁሉም። ወረቀቱ ግን ዕቃ ሲታሸግ የት ካርቶን ውስጥ እንደገባ እሳቸውም አያውቁት። አዲሱን ስልካቸውን ደግሞ መቀበል ማን አስቦ!

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። እዚሁ አጠገባችን ዋይትሆል ውስጥ ልብስ የማስተካክልባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ በሠርጓ ሳምንት የወፈረች ሙሽራ ቀሚስ አሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የሰው ልብስ እየተረተርኩ፣ የቀደመው ሰፊ ምን እንዳሰበ እያየሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ነው የተማርኩት። ከሃያ ዓመት በኋላ ጣቴ ዓይን አብቅሏል። ጨለማ ውስጥ ጨርቅ ብትሰጡኝ የቱ ጋ እንደተሰፋ፣ የሰፋውም ሰው ቸኩሎ እንደነበር እነግራችኋለሁ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሎሚ በጀርባዋ ተንጋልላ ሆዷን ሳክላት፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ፀጉሯ ሥር ጣቴ አንድ ነገር ላይ ቆመ። መነጽሬን አደረግሁ፣ ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ… ስፌት! ቀጥ ያለ፣ የጣት ርዝመት ያለው፣ የዳነ ስፌት። ከጎኑ ደግሞ አጭር አረንጓዴ መስመር፤ ልክ እኛ ልብስ ላይ በጠመኔ ምልክት እንደምናደርገው። የሆነ ቦታ ያለ የሙያ ባልደረባዬ ሥራውን ጨርሶ ምልክት አድርጎባት ሄዷል!

በሳምንቱ ለክትባት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ መለሎ፣ ሳቂታ፣ እያናገረህ ወደ በሩ የሚራመድ ዓይነት። እጁ ሎሚ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ኮምፒውተሩ ላይ።

«ስፔይ ተደርጋለች?» አለ። ማህፀኗ ወጥቶ መክናለች ወይ ማለቱ ነው።

«አዎ ብለውናል» አለች ሶስና።

«ወረቀት አላችሁ?»

«ጠፍቷል።»

«እንግዲያው አልተደረገችም። ሐሙስ ጠዋት አምጧትና እናድርግላት።»

ስሙኝማ! ወረቀት ከሌለ አልሆነም ማለት ነው? በወረቀት ከሄድንማ እኔም የሰፈሬ ሐበሻ ግማሹም መንትያዎች ነን፤ ሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድነው! የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ፎርም የሞላልን ሰውዬ ድካም ሲይዘው መቶ ሰው በአንድ ቀን ወለደ። እናቴን ግን ብትጠይቋት ኖሮ የወለደችኝ በክረምት እንደሆነ፣ ጣሪያው የቱ ጋ ያፈስ እንደነበር ጭምር ትነግራችሁ ነበር። በወረቀት ነገር እኔን አታስረዱኝ!

ይሄን ሁሉ በሆዴ አልኩና ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣

«ዶክተር… ምናልባት… ትንሽ… የተሰፋች ትመስለኛለች» አልኩ። ድምፄን ትንኝ ብትሰማው «ምን አልሽ?» ትለኝ ነበር።

ዶክተሩ ጎንበስ አለ። መብራት ቢጫ ሲሆን የሚያፈተልክ መኪና ታውቁ የለ? አስተያየቱ እንደዚያ ነው።

«ጭረት ነው። አረንጓዴው የአጥር ቀለም ይሆናል።»

እኔስ ምን አልኩ? ገምቱ! «እሺ ዶክተር። ቴንኪው ሶ ማች ዶክተር።» ሁለቴ። በሩንም እኔው ከፈትኩለት።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶ ሳላስር ሶስና ዞረችብኝ።

«ማሚ! ስፌት ነው ብለሽኝ አልነበር? ለምን አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት እኮ!»

«ኖ! ዩ ዊስፐርድ! አንሾካሾክሽ!»

«አንቺስ? እንግሊዝኛው ያንቺ፣ ውሻዋ ያንቺ፤ ለምን አልተናገርሽም?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሂ ኢዝ ዘ ዶክተር» አለችኝ።

አያችሁልኝ? እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተምራ፣ አማርኛውን ግማሹን ጥላ… ይሉኝታውን ግን አንድም ሳታጎድል ወርሳለች!

እስከ ሐሙስ ድረስ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ሎሚ ሆዷን ገልብጣ እከኪኝ ባለች ቁጥር ጣቴ ያንን ስፌት ይፈልጋል። ያለቀለትን ልብስ በከንቱ መተርተር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጨርቅ ግን አያመውም። ይቺ ምስኪን እኔ አንድ ቃል ጮክ ብዬ ባለመናገሬ ሆዷ ለሁለተኛ ጊዜ ሊከፈት ነው፤ ተከፍቶም የሚገኝ ነገር የለም!

ረቡዕ ከሰዓት የሱቅ ጎረቤቴን፣ የቅመማ ቅመም መደብር ባለቤት እትዬ ብርቄን አማከርኳቸው። ምነው ባላማከርኩ!

«ቆይ፣ ቆይ፣ አስቴር… ውሻ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እትዬ።»

«ሐኪም ቤት ተቀጥሮላት?»

«አዎ።»

«ኦፕራሲዮን?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ለጉልበቴ ስንት ወር ነው ቀጠሮ የምጠብቀው! ሂጂልኝ ከዚህ!» አሉና ወዲያው ደግሞ መለስ ብለው «ታዲያ ደውለሽ አይሆንም አትይውም?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

«ዶክተሩን። ደህና አላየህም ብለው ቅር ይለዋል… ጎበዝ ልጅ ነው።»

እትዬ ብርቄ በርበሬ የሚሰፍሩበትን ማንካ አስቀመጡት።

«እሱ ቅር ከሚለው እሷ ትቀደድ?»

ተመልሼ ሱቄ ገባሁ። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው የወረቀት ፕላስተር ላይ አረፈ። እኔ ከደንበኛ ጋር አፍ ለአፍ መከራከር አልወድም፤ ማለት የምፈልገውን ሁሉ ፕላስተር ላይ ጽፌ ልብሱ ላይ እለጥፋለሁ። «ሁለት ጣት ብቻ ይጠር።» «እጅጌው ደህና ነው፣ አይነካ።» አንዷንማ «ቀሚሱ ልክ ነው፣ ጫማሽን ቀይሪ» ብዬ ለጥፌባት አሁንም ደንበኛዬ ናት። አፌ ያፈረውን እጄ ስንት ዓመት ሲናገርልኝ ኖሯል!

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤቱ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ሎሚን ከኋላ ወንበር ላይ በጀርባዋ አጋደምኳት። ከዚያ ፕላስተሩ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቁ፣ በማይለቅ ቀለም ጻፍኩ፦ «አንዴ ተሰፍታለች። አትክፈቱ። መጀመሪያ አስቴርን ጠይቁ።» ከሥሩ የሱቁን ስልክ። እጄ ልማድ ሆኖበት «ሐሙስ ትወሰዳለች» ብሎም ጨመረ።

ፕላስተሩ ግን ፀጉር ላይ አልይዝ አለ! ስለጥፈው ይነሳል፣ ስለጥፈው ይነሳል። ሎሚ ደግሞ ጨዋታ መስሏት አራት እግሯን ታወራጫለች፣ እጄን ትልሳለች። በመጨረሻ ወገቧን ሁለት ዙር ጠመጠምኩት። በዚህ መሀል አንዲት ሴት ድመቷን በቅርጫት ይዛ ስታልፍ ቆመች። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ግማሽ ሰውነቴ ከመኪና ውጭ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሴ ይዤ… ተያየን። «ሃይ!» አልኳት በጥርሴ መሀል። ድመቷን አቀፈችና ፈጠን ብላ ገባች።

ገመዷን ለእንግዳ ተቀባይዋ አስረከብኩ።

«ጥያቄ አለሽ?» አለችኝ።

ይኸው በር! ይኸው ዕድል! በይ አስቴር!

«ኖ፣ ኖ፣ ኤቭሪቲንግ ኢዝ ቬሪ ናይስ።»

ሱቄ ገብቼ አንድ ሱሪ ግራ እግሩን ሁለቴ አሳጠርኩት። ሰዓቱ አልሄድ አለ። ፕላስተሩ ተነስቶ ቢወድቅስ? ሳያነቡት ገንጥለው ቢጥሉትስ? ስልኩ ሲጮህ ልቤ አብሮ ጮኸ።

«ስለ ሎሚ ነው። ዶክተሩ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል። አሁን መምጣት ትችያለሽ?»

«በሕይወት አለች?» አልኩ፣ በአማርኛ።

እትዬ ብርቄ ከጎረቤት ሰምተው ደረሱ። «ሂጂ! ሱቁን እኔ እይዛለሁ! ሙሽራም ብትመጣ እለካታለሁ!» አሉ። በሕይወታቸው መርፌ ይዘው አያውቁም፤ ግን ማን ሊከራከር ቆሞ! ሃሚልተን መንገድ ላይ እየነዳሁ ለሶስና ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ማሚ፣ ዩ ቴፕድ ሀር?! ኦ ማይ ጋድ፣ ቴፕ አደረግሻት?»

«ክፍልሽ ግቢ፣ ተማሪ ነሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ዶክተሩ የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሎሚ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጭራዋን ትወዘውዛለች። ሆዷ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፤ ከመላጨት በቀር ግን ምንም! በእጁ ፕላስተሬን ይዟል፤ የሎሚ ፀጉር ተጣብቆበት አባጨጓሬ መስሏል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ይቅርታ ዶክተር…» ብዬ ልቀጥል ስል እጁን አነሳ።

«ማደንዘዣ ከመስጠታችን በፊት ረዳቴ ሆዷን ስታይ አገኘችውና ሳቀች። ከዚያ ላጨናት። ከዚያ ማንም አልሳቀም።» ሎሚን አንስቶ መብራቱ ሥር አሳየኝ። ስፌቱ ጥርት ብሎ፣ አረንጓዴዋም መስመር ከጎኑ። «ይቺ መስመር የመከነች ውሻ ላይ የሚደረግ ምልክት ናት። ማየት ነበረብኝ። ነግረሽኝ ነበር፣ ሰምቼሽማ ነበር… አላየሁም። በከንቱ ልከፍታት ነበር።»

ሎሚን ተቀብዬ እቅፍ አደረግኋት።

«እንዴት አወቅሽ ግን?» አለኝ።

ይሄኔ ነው እንግዲህ አፌ የተፈታው! «ጭረት እንዲህ አይሄድም» አልኩት። «ጭረት ይንጋደዳል፣ ጭረት ተለክቶ አይጀመርም። ይሄን የሠራ ሰው ግራና ቀኙን እኩል ይዞ፣ ጫፉን ቋጥሮ፣ ተረጋግቶ የሰፋ ነው። ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ግን በጣም ጎበዝ ነው። አይቸኩልም።»

ዶክተሩ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ደግሞ ልሰድበው አስቤ አይደለም፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው!

ሎሚን ይዤ ወደ መጠበቂያው ክፍል ስወጣ በሩ ክፍት ኖሮ ሰዉ ሁሉ ሰምቶናል። ያቺ ባለ ድመት ፈገግ አለችልኝ። ከጎኗ ያለ ግዙፍ ሰውዬ ደግሞ ብድግ ብሎ፣ ፀጉሩ መሬት የሚጠርግ ነጭ ውሻውን ምንጣፉ ላይ አንጋለለልኝ።

«ማም፣ እባክሽ የእኔዋንም እይልኝ። ትናንት ነው የወሰድናት፣ ወረቀት የላትም። ፕሪንሰስ ትባላለች። ዛሬ ቀጠሮዋ ነው፣ ስፔይ ልትደረግ።»

መነጽሬን አወጣሁ። ተንበረከክሁ። ፀጉሩን ገለጥ አደረግሁ። ቀና ብዬ ሰውዬውን አየሁት፣ ደግሜ ጎንበስ ብዬ አረጋገጥሁ። ከዚያ ድምፄን አንድ ነጥብ ሳልቀንስ፣

«ጌታዬ» አልኩት፣ «እዚህ የሚከፈት ነገር የለም። ፕሪንሰስ ወንድ ነው።»

ዶክተሩ በተከፈተው በር ከውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣

«ትክክል ናት!» አለ።

አሁንም ሳያይ!