ፌርማታ ያዳነ ምርቃት

አንባቢዬ፣ ትምህርት ቤት ሳልረግጥ በራሴ ፊደል የቆጠርኩ፣ አሰላ ውስጥ ስብሰባ ያለእኔ የማይደምቅ ሰው ነኝ። «አውቶቡሱ በእኔ ደጅ ይለፍ» ባዮችን ያውቋቸዋል? የሰፈራችን አውቶቡስ መስመር ሊለወጥ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሁሉም ወደየበሩ ሲጎትተው፣ አውቶቡሱ ከሰፈር ሳይወጣ ሊመሽበት ነበር! ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ አዴ ከድጃ ወደ ሆስፒታል የሚሳፈሩበት ፌርማታ ሊሰረዝ መሆኑን ግን ማን ልብ ብሎት!

«አባባ፣ በቃ መርቀው ይዝጉልን» አለ ሰብሳቢው ታክቶት።

ተነሣሁ።

«ዝናቡን አይንሳን!»

«አሜን!»

«ገብሳችንን ይባርክ!»

«አሜን!»

«የአዴ ከድጃን ፌርማታ ባለበት ያጽናልን!»

«አሜን!»

አሜን ያለ ሰው በየትኛው አፉ ይቃወማል? ጸሐፊው እየሳቀ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

እንግዲህ ሥራዬን ይቁጠሩልኝ፦ ጭቅጭቁን አበረድኩ፣ ስብሰባውን ከምሳ በፊት ዘጋሁ፣ ፌርማታውን ከመሰረዝ አዳንኩ፣ አዴ ከድጃንም «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ጎማ አለው!» አሰኘሁ።