ጡት ከማስተለቅሽ በፊት ሰፊሽን ጠይቂ

የሰው ልጅ ሰውነቱን ከሚያማ ልብሱን ቢያማ ኖሮ፣ ግማሹ ሐኪም ሥራ ፈት ነበር። አትሳቁ... የደረሰብኝን ስሙና ፍረዱ።

መቼም እኔን የማያውቅ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ራቁቱን የሚሄድ ነው። ከጭሮ እስከ ሚኤሶ፣ ከአሰቦት እስከ ቦኬ የኔ ክር ያልነካው ትከሻ የለም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴን ሱሪ ተርትሬ መልሼ ስገጥም ነው የለመድኩት። (የመጀመሪያው ሦስት እግር ነበረው፤ እሱን እንተወው።) ሜትር የሚባል ነገር አልይዝም። ዓይኔ ሜትር ነው! ሚኤሶ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከጋቢናው ሳይወርድ አይቼው የሰፋሁለት ኮት ልክክ ብሎለታል። እግሩን ስላላየሁት ሱሪውን አልነካሁም... ሰው ልኩን ማወቅ አለበት።

እና ትርሲት መጣች። ትርሲት ከደብረ ማርቆስ እኛ ጋ ጭሮ ተመድባ የመጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የመልስ ቀሚሷን ለኔ ሰጠችኝ። ልለካት መስሏት እጇን ዘርግታ ስትቆም፣ «አውርጂው፣ ጨርሻለሁ» አልኳት። አፏን ይዛ ተገረመች። እኔም በራሴ ተገረምኩ።

ልትሞክረው የመጣች ዕለት ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ... ደረቱ ላይ ግን ጨርቁ እንደ ሠርግ ድንኳን ተነፍቶ ቆመ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ቢጨመርበት «ሌላስ የለም?» የሚል ዓይነት። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሷን በቆረጥኩበት ቀን ከዚያው ዓይነት ጨርቅ የቆረጥኩት የአንዲት ደረተ ሙሉ የአሰቦት ነጋዴ፣ የእትዬ አበበች ቀሚስ ነበር። የእሳቸውን ቀሚስ ፊት ከትርሲት ቀሚስ ጀርባ ጋር ድሬያቸዋለሁ! ለካ እትዬ አበበች «ቀሚሱ መተንፈስ ከለከለኝ» ብለው ሲመጡ «ወፍረው ነው» ብዬ የመለስኳቸው... እሳቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ትተዋል።

ታዲያ «ተሳሳትኩ» ማለት ለኔ መንጋጋ ከማስነቀል ይከብዳል። ትርሲትን ከላይ እስከ ታች አይቼ፣ «ልብሱስ ልክ ነው የኔ ልጅ፤ ተፈጥሮ ናት የቆጠበችብሽ» አልኳት።

ሳቀች። የሳቀች መሰለኝ። ከአፍ የወጣ ቃል፣ ከእጅ የወደቀ እንቁላል... የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እሁድ ምሳ ላይ ቤታችን መጣች። ባለቤቴ ብርቄ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጭሮ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ትርሲት አጠገቧ ቁጭ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጡቷን ልታስተልቅ አዲስ አበባ ማክሰኞ ቀጠሮ እንደያዘች ነገረቻት። ለእጮኛዋም አልተናገረችም። በፊት ምን ማወቅ እንዳለባት ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ብርቄ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ለራስሽ ብለሽ ከሆነ ነውር የለውም ብላ ጀመረች። ግን ቀዶ ጥገና ነው፤ አስተኝተው ነው የሚቀድዱሽ፤ ስለዚህ ሐኪሙ በዚህ ሙያ የሠለጠነ መሆኑን አጣሪ። ውስጥ የሚገባው ነገር ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ ሊጠነክር፣ ሊቀደድ ይችላል፤ አንድ ቀን ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠብቅሻል። ጠባሳ አለው። አንዳንዷ ጡቷ ይደነዝዛል፣ አንዳንዷ ስትወልድ ማጥባት ያስቸግራታል። ሲጋራ የምታጨስ ቀድማ ታቆማለች፤ የምትወስጂውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

«ጫትስ ትቅሚያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ጭሮ ላይ ይሄ «ትተነፍሻለሽ?» እንደማለት ነው።

«ፈተና ሳርም ብቻ» አለች ትርሲት።

እኔ ውሃ በውሃ ላይ እጠጣለሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ማክሰኞ ትሄዳለች፣ ቀሚሱ ይሞላል፣ ስሜም ይተርፋል። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ ብርቄ የመጨረሻውን ጠየቀች።

«እስከ ዛሬ በጡትሽ ቅር ብሎሽ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም። ቀሚሱን ስለብሰው ነው እንጂ... ጋሼ ልብሱ ልክ ነው አሉኝ። የሳቸው ዓይን ደግሞ አይሳሳትም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እንኳን ክፉ አይደለሁም፤ ጉረኛ ነኝ እንጂ። ልጅቷ ለኔ ጉራ ልትቀደድ ነው!

«ትርሲት» አልኩ፣ «ያ ደረት ያንቺ አይደለም። የእትዬ አበበች ነው። ቁራጩ ተለዋውጦብኝ ነው።»

ብርቄ ቀስ ብላ ዞረች።

«ታምሩ፣ ሜትር አምጣ።»

«የለኝም።»

«ሃያ ዓመት ሰፊ ሆነህ?»

ከቦርሳዋ የነፍሰ ጡር ሆድ የምትለካበትን ሜትር አውጥታ ወረወረችልኝ። ትርሲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። አለቀሰች ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ነጠላውን ስታነሳው እየሳቀች ነው... እንባዋ ግን እየወረደ ነበር። እኔ ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ቁጥር ሳልጠይቅ አመንኩዎት አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ቀጠሮዋን እዚያው ሰረዘች።

እናላችሁ፣ ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ጭሮ ላይ ተደረገ፤ በኔ እጅ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ቀሚሱ ላይ። ለእትዬ አበበችም ፊታቸው ተመለሰላቸው፤ እራታቸውን ጀምረዋል። የጎረቤቴ ሰፊ አብደላ አንገቴ ላይ ሜትር አይቶ «ወላሂ ታሟል» እያለ ለገበያው እያወራ ነው።

ትርሲት ቅዳሜ መጥታ ለበሰችው። ልክክ! መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ስትል እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «እንዴት ነው ታዲያ? ይሄ ዓይን እኮ...» ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«ቀሚሱ ልክ ነው ጋሼ» አለች፣ «አፍዎ ነው የሰፋው፤ እሱን ትንሽ ያጥብቡልኝ።»