ሲስተር ሳፊያና በፌስታል የመጣው ጫት

ጉቦ የማይቀምስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በንግድ ዘመኔ ያገኘሁት አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ ሆስፒታል ተራ የምታስገባዋን ሲስተር ሳፊያን።

አንድ ቀን ትኩሳት ያነደዳት ልጄን ታቅፌ ሰልፉ ጭራ ላይ ተቀምጫለሁ። ጊዜው ትኩስ ጫት ከተማ የሚገባበት ቀትር ነው። ከኋላችን የመጣ ባለመኪና ሲስተር ሳፊያን ፌስታል ሙሉ ጫት አስጨበጣትና፣ «እህቴ፣ እኔን አስቀድሚኝ» አላት በሹክሹክታ።

«መርሲ» ብላ አመሰገነችውና ወደ ሰልፉ ዞረች። «ወንድሞች፣ እኚህ ሰው ጫት ጋብዘዋችኋል።»

ወገቤን፣ ራሴን ሲሉ የነበሩት ወንዶች ድርሻ ድርሻቸውን ይዘው ውልቅ አሉ። ሰልፉ ሳሳ፤ ልጄም ወዲያው ሐኪም ዘንድ ገባች። ጉቦ ለሕዝብ ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለመኪናውስ? ተራው ደርሶ ሲጠራ፣ ጫቱን ተከትሎ ሄዷል።